ተነቦልኝ ፈረምኩ

ጥቅምት 12

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለድምቡሼ፤

እኔም እናትሽም ደህና ነን። ደህና የምንለው እንግዲህ እንደ ዕድሜያችን ነው፤ እኔ ጉልበቴን፣ እሷ እጇን እናስታምማለን። ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰ። ለእናትሽ አነበብኩላት። "የክፍል ኃላፊ" የምትለዋ ላይ ስደርስ "እስቲ ድገሚው" አለችኝ፤ ደገምኩት። "ሰማሽ እትዬ፣ አለቃ ወለድኩ!" አለች። እኔም "አለቃማ ሞልቷል፤ ሰው መውለድሽን ወደፊት እናያለን" አልኳት። ተኮራረፍን። ሻይ ሲፈላ ታረቅን።

አትቀየሚኝ፣ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ደስታ እንዴት እንደሚጻፍ ገና አልለመድኩም። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በሕፃናት ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ። የምሬት ቃላት ቶሎ ይመጡልኛል፤ የደስታዎቹን ግን ፈልጌ ነው የማገኛቸው።

ጥሩ አለቃ ምን ዓይነት እንደሆነ እኔን መጠየቅሽ ገርሞኛል። ከሚያዙት ይልቅ የታዘዙት ያውቃሉ ብለሽ ከሆነ ልክ ነሽ። በሆስፒታሉ ልብስ እጥበት ክፍል ሰባት አለቃ አሳልፌአለሁ። አንደኛው ስማችንን አያውቅም ነበር፤ በማሽናችን ቁጥር ነበር የሚጠራን። "ሦስት ቁጥር ነይ!" ሲል እኔን ይሁን ማሽኑን ግራ ይገባኝ ነበር። አንዷ በተቆጣች ቁጥር ታለቅሳለች፤ እሷን ስናባብል ልብሱ ይከመራል፤ ሲከመር ትቆጣለች። ሌላው ደግሞ ስብሰባ ይወድ ነበር። "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" ይለናል። ቤተሰብ የሆንን ዕለት ምሳ ሳንበላ እንደምንውል አውቀን ከቤታችን ቋጥረን መምጣት ጀመርን።

ደህና የምላት አንዲት ብቻ ናት። አዲስ የማጠቢያ ዱቄት በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የራሷን እጅ ውኃው ውስጥ ነክራ ትጠብቅ ነበር። እጇ ካልተላጠ "በሉ ግቡ" ትለናለች። ስለ ራዕይ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ስምንት ወር እንደቆየች ወደ ሌላ ቦታ አዛወሯት። እንግዲህ እኔ የማውቀው ትምህርት ይኸው ነው፤ እጅሽን አስቀድመሽ ንከሪ።

የእናትሽን ነገር፣ ማለትም እጇ የተጎዳ ጊዜ ማን መስክሮባት ከሥራ እንደወጣች የጠየቅሽኝን፣ አሁን አልመልስም። እስክሪብቶዬ አለቀ ብዬ ልዋሽሽ ነበር። አላለቀም። ሌላ ጊዜ።

አክስትሽ


ኅዳር 3

ለምወድሽ እትዬ፤

ሰላምታዬ ለሁለታችሁም ይድረስ። እናቴን "የወለድሽው ሰው ነው፤ አክስቴ ትጠብቅ" በይልኝ።

እጄን የዱቄቱ ውኃ ውስጥ ነከርኩ፤ እጄ አልተላጠም። የአርባ ሁለቱን ሠራተኞቼን ስም በዘጠኝ ቀን ያዝኩ፤ ቅጽል ስማቸውን ሳይቀር። የእኛ ድርጅት የስድስት ሆስፒታልና የአሥራ አንድ ሆቴል አንሶላ ነው የሚያጥበው፤ እናንተ የሠራችሁበትን ክፍል አሥር እጥፍ አድርገሽ አስቢው። እርጉዞቹ ቆመው ሲያጥፉ አይቼ በርጩማ አስመጣሁ። የምሳ ሰዓት በፈረቃ አደረግሁ። ዋናው መሥሪያ ቤት "ሰው ይቀድማል" የሚል ትልቅ መፈክር ልኮልን ከመተኮሻው ማሽን በላይ ሰቀልነው።

በመጀመሪያው ስብሰባዬ አንቺ የምትጠዪውን ቃል ተናግሬ ተቀጣሁልሽ። "ራዕያችን…" ብዬ ስጀምር ከኋላ አንዷ እጇን አወጣችና "አለቃ፣ ራዕያችን ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያልቀው? አውቶቡስ ያመልጠናል" አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ። ይቺ ሴት ሳቂታ ትባላለች። አንሶላውን ለመተኮሻው የምታጎርሰው እሷ ናት፤ አጭር ናት፣ ሳቋን ግን የማሽኑ ጩኸት አይሸፍነውም። ማንበብና መጻፍ አትችልም። ያንቺን ነገር፣ በሃምሳ ስድስት ዓመትሽ መማርሽን ነገርኳት። "እኔ ገና አርባ ነኝ፤ ጊዜ አለኝ" አለችኝ።

አሁን ደግሞ ትልቁን ዜና ስሚ። ስመጣ ክፍሉ በቀን ዘጠኝ መቶ አንሶላ ነበር የሚያወጣው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሺህ ሦስት መቶ ደረስን! ሥራ አስኪያጁ በኃላፊዎች ሁሉ ፊት አስነሥቶ "ከዚህች ልጅ ተማሩ" አለ። ሰውን አክብረው ሲይዙት ሥራም ይፈጥናል ማለት ነው። አንቺን እያሰብኩ ነበር የቆምኩት።

ያንቺው ድምቡሼ


ኅዳር 20

ለእህቴ ልጅ፤

ሁላችንም አለን። እናትሽ ዘጠኝ መቶውንና አንድ ሺህ ሦስት መቶውን ለጎረቤት ሁሉ ነግራ ጨርሳለች። እኔ ግን ቁጥሩን ደጋግሜ ቆጠርኩት።

ልጄ፣ በርጩማ አንሶላ አይተኩስም። የመተኮሻው ማሽን ሰው አከበርሽ ብሎ አይፈጥንም፤ የሚሄደው በራሱ ልክ ነው። እርጥቡን አንሶላ የሚስበው ትኩሱ ሮለር ፊት ለፊት አንድ ቀጭን ብረት አለ አይደል? እጅ ሲነካው ማሽኑ ቀጥ ይላል። ነገር ግን የታጠፈ አንሶላም ሲነካው ይቆማል። በቀን ሃምሳ ጊዜ ይቆማል። ዘጠኝ መቶ የሚሆነውም ለዚህ ነው። አንድ ሺህ ሦስት መቶ የሚሆነው ያ ብረት ወደ ላይ ተነሥቶ በጨርቅ ሲታሰር ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ሂጂና ቀና ብለሽ እዪ፤ ከመፈክርሽ በታች። ታስሮ ካገኘሽው ማን አሰረው ብለሽ ሰው አትሰብስቢ። መጀመሪያ ፍቺው። ከዚያ በኋላ ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 14

ለእትዬ፤

ይህን ያህል ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሦስት ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ኅዳር 27 ነው። ሳቂታ የተጎዳችው ኅዳር 25። ሁለት ቀን።

ማን አሰረው ብለሽ አትጠይቂ ብለሽኝ ነበር። የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ "ሌሎቹ ክፍሎች ብረቱን ያነሣሉ፤ አንቺ ብቻ ነሽ ወደ ኋላ የምትጎትችን። የራስሽ ክፍል ነው፣ ወስኚ" አለኝ። መካኒኩን ጠራሁት። "በጽሑፍ ስጪኝና አነሣዋለሁ" አለ። "እንተማመን እንጂ" ብዬ ሳቅኩበት። ትቶኝ ሄደ። ከአሮጌ አንሶላ ቅዳጅ ወሰድኩና ራሴ አሰርኩት። ለእናንተ ስጽፍ ይህን ረሳሁት። ዋሸሁ፤ አልረሳሁትም፣ ዘለልኩት።

የሆነውን አልጽፍልሽም። ቀኝ እጇ ነው። ሐኪሞቹ ጣቶቿን ለማትረፍ እየሞከሩ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ሳቋን ለይቼ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን የሰማሁትን ድምፅ ግን የሷ ነው ብዬ ለማመን ጊዜ ፈጀብኝ።

አሁን የጨነቀኝን ልንገርሽ። ሥራ አስኪያጁ በማሽን የተጻፈ አንድ ገጽ ሰጥቶኛል። "ሠራተኛዋ የአደጋ መከላከያውን ብረት በራሷ ፈቃድ አንሥታ በማሰሯ" ይላል። እኔ በክፍል ኃላፊነቴ እፈርማለሁ። እሷም ግርጌ ላይ አውራ ጣቷን ታሳርፋለች፤ "ተነቦልኝ ፈረምኩ" ከሚለው ሥር። የሚያነብላት ማን ነው? እኔ። "ዝርዝሩ ውስጥ አትግቢ፤ ታማለች፣ ጠቅለል አድርገሽ ንገሪያት" ብሎኛል። ከፈረመች ሥራዋም ሕክምናዋም በዚያው ያበቃል። ካልፈረምን ደግሞ ብረቱን ማን አሰረ የሚለው ጥያቄ ወደ እኔ ይዞራል፤ ከሥራ መውጣት ብቻም አይደለም፣ እከሰሳለሁ። የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው ጥር 3 ይመጣል። ወረቀቱ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። "አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ብዙ ይጠብቅሻል" አለኝ። ስለ ሳቂታ ደግሞ "ጥሩ ሠራተኛ ነበረች" አለ። ነበረች።

እትዬ፣ ምን ላድርግ? ለእናቴ ምንም እንዳትነግሪያት። አንድ ነገር ደግሞ ንገሪኝ፤ ስለታሰረው ብረት እንዴት አወቅሽ? በእናቴ ላይ የመሰከረው ማን ነበር?

ድምቡሼ


ታኅሣሥ 22

ለእህቴ ልጅ፤

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የአውቶቡስ ሾፌሩን ለምኜ በአደራ ሰጥቼዋለሁ፤ ከተቆጣጣሪው ቀድሞ እንዲደርስሽ። ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፣ ይቅር በይኝ።

በእጥበት ክፍሉ ስሜ "ክር" ነበር። የየዋርዱ አንሶላ ጥግ ላይ የተሰፋ ክር አለው፤ ቀዩ የቀዶ ሕክምና፣ ሰማያዊው የሕፃናት፣ አረንጓዴው የወላዶች። እኔ ከሩቅ ሳልሳሳት እለይ ስለነበር ከባልዲ አንሥተው ልብስ ለዪ አደረጉኝ። ለልብስ ለዪ ወረቀት ይመጣላታል። ማንበብ አልችልም ካልኩ ወደ ባልዲው ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ፊርማ ተለማመድኩ። ከአንድ ሐኪም ማዘዣ ላይ አይቼ የቀዳሁት፣ እንደ ትል የተጠማዘዘ ጭረት ነው፤ ስሜ በውስጡ የለም። ማንበብም ተለማመድኩ፤ ማለቴ ማስመሰሉን። ወረቀቱን ራቅ አድርጌ እይዛለሁ፣ ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ እወስዳለሁ፣ መሃል ላይ ቆም ብዬ ቅንድቤን እሰበስባለሁ። ከዚያ ትሉን አወርዳለሁ። ከእናትሽ ጋር ከሮለሩ ማዶ ለማዶ ቆማ የምትሠራው ቀጮ "አቤት ስታነብ ማማሯ!" እያለች ታደንቀኝ ነበር።

እናትሽ የተጎዳች ቀን ብረቱ ታስሮ ነበር። ያሰረው አለቃው ነው፣ ያ "ቤተሰብ ነን" የሚለው። ሁላችንም አይተናል። አንቺ ያን ጊዜ አራት ዓመትሽ ነበር። በሦስተኛው ቀን አለቃው ወረቀት ይዞ መጣና "ለእህትሽ ጉዳይ ነው፤ አየት አድርጊና ፈርሚ" አለኝ። ለሕክምናዋ መሰለኝ። አየት አደረግሁ። ቅንድቤንም ሰበሰብኩ።

የመሥሪያ ቤቱን ደንብ ልንገርሽ። በአውራ ጣት የሚፈርም ሰው ወረቀቱ በምስክር ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብለት ነበር። ደንቡ ግን ለማያነቡ ነው፤ እኔ ደግሞ የማነብ ነኝ። "ጣቴን ላሳርፍ" ብል ኖሮ ያነቡልኝ ነበር፤ እኔም እሰማ ነበር። አንዲት ቃል ነበረች የምትበቃው። አፈርኩ። ፈረምኩ።

እናትሽን "ምስክር ተገኝቶብሻል" ብለው አስወጧት። ማን እንደሆነ አልነገሯትም። ማዶ የቆመችው ቀጮ ስለነበረች በእሷ ላይ ፈረደች። እኔም ሃያ አራት ዓመት ቀጮ ናት ብዬ አመንኩ፤ እናትሽ መንገድ ስትሻገር አብሬያት ተሻገርኩ። ቀጮ እስከ ዛሬ ሁለት መንገድ ዝቅ ብላ ነው የምትኖረው።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የግል ማኅደሬን ሰጡኝ። ማንበብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበርና አውቶቡስ ላይ ሆኜ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። የቅጥር ደብዳቤዬ። የዓመት ፈቃዴ። ከዚያ ይቺ ወረቀት፦ "ብረቱን በገዛ እጇ አንሥታ ስታስር አይቻታለሁ።" ከሥሩ ትሉ ተጋድሟል። የምወርድበት ፌርማታ አለፈኝ። አውቶቡሱ መጨረሻው ደርሶ ዞሮ ሲመለስም አልወረድኩም።

አራት ዓመት ሆነው። ወረቀቱ ከፍራሼ ሥር ነው። ለእናትሽ አልነገርኳትም፤ ለአንቺ መጀመሪያ መንገሬም ሌላ ፍርሃት ነው፣ አውቀዋለሁ። ለምን እንደመረርኩ ስትጠይቁኝ በአለቆቼ ሳላክክ ኖርኩ። አለቆቼ ክፉ ነበሩ፤ ይህ እውነት ነው። ትሉ ግን የእኔ ነው።

ፈርሚ ወይም አትፈርሚ አልልሽም። አንድ ነገር ብቻ አድርጊ። ለሳቂታ አንብቢላት። ጠቅለል አድርገሽ አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች፣ ቃል በቃል፣ ቀኑንና ቁጥሩን ሳይቀር፣ ፊቷን እያየሽ። አንብበሽ መጨረስ ከቻልሽ ፈርሚ። ድምፅሽ መሃል ላይ ከተያዘ መልሱን አገኘሽ።

አክስትሽ


ጥር 9

ለእትዬ፤

ሾፌሩ ታኅሣሥ 24 ጠዋት በር ላይ ጠብቆ በእጄ ሰጠኝ። ደብዳቤሽን ቆሜ ነው የጨረስኩት። ስለ አንቺና ስለ እናቴ ያለኝን ከመጨረሻው ላይ እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። ሳቂታ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። "አለቃ፣ አንሶላቸው በደንብ አልተተኮሰም፤ ከእኛ ጋር አይሠሩም መሰለኝ" አለችኝ። ወረቀቱን አወጣሁና ከላይ ጀመርኩ። "በራሷ ፈቃድ አንሥታ" ላይ ስደርስ ድምፄ ተያዘ። ውኃ ጠጣሁና እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሬ ጨረስኩት።

"ብረቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ ነው የሚለው?" አለች።

"ነው።"

"ቁመቴ መች ይደርሳል? በእርስዎ በርጩማ ላይ ካልወጣሁ በቀር!" ብላ ሳቀች። እንደ ድሮው።

"ያሰርኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

ሳቋ ቆመ። "ስታስሪ አይቼሻለሁ" አለች። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምትለኝ። "ትናገሪ እንደሆን ነበር የምጠብቀው።" ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ አልመለሰችልኝም። የማትመልስበት መብት አላት ብዬ ወጣሁ።

ጥር 2 ከሰዓት በኋላ ማሽኖቹን በሙሉ አስጠፋሁ። ክፍሉ ጸጥ ሲል ምን ያህል እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከፎቅ ወርዶ መጣ። "ምንድን ነው ይሄ፣ ስብሰባ ነው ቴአትር?" አለ። "ንባብ ነው" አልኩት። የእሱን ወረቀት አነበብኩ። ከዚያ እኔ የጻፍኩትን አነበብኩ፤ ማን እንደጠየቀኝ፣ ማን እንዳሰረ፣ በምን እንደታሰረ። መካኒኩ ከኋላ "በጽሑፍ ስጪኝ ብያት ነበር!" ብሎ ጮኸ። "ብሏል፤ ሦስተኛው መስመር ላይ አለ፣ ይደገም?" አልኩት። "ይደገም!" አሉ ሴቶቹ። ደገምኩት። ሰምተናል ብለው አርባ አንዱም ፈረሙ፤ የማይጽፉት በአውራ ጣታቸው። ሥራ አስኪያጁ "ነገ ይጸጽትሻል" ብሎኝ ወጣ። በማግስቱ ተቆጣጣሪው የተረከበው ያንን ነው።

ዛሬ ያለሁበትን ልንገርሽ። ብረቱ በሁሉም ክፍል ወርዷል፤ እንዳይነሣ ታሽጓል። ሳቂታ ሁለት ጣት አጥታለች፤ ሕክምናዋ ቀጥሏል፣ የሥራ ቦታዋም ተጠብቆላታል። በሥራ አስኪያጁም በእኔም ላይ ምርመራው አልተዘጋም። እኔ ኃላፊነቱን ተነጥቄ ማጠፊያ ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ከእርጉዞቹ አጠገብ ነኝ፤ በርጩማው ጥሩ ነው። በቀን ዘጠኝ መቶ አንሶላ እናወጣለን። የሚፈርዱብኝን እቀበላለሁ፤ ከዚህ ክፍል ግን በገዛ ፈቃዴ አልወጣም። ሳቂታ ስትመለስ እዚህ መገኘት አለብኝ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ስለ እናቴ የጻፍሽልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዱን ጊዜ ጠላሁሽ። ልደብቅሽ አልፈልግም። ቢሆንም እኔም ቅዳጁን በእጄ ያሰርኩ ነኝና የምወረውረው ድንጋይ የለኝም። አለቃነቴ ቢቀርም አንድ ትእዛዝ ልስጥሽ፤ ለእናቴ አንብቢላት። እኔ አልነግራትም። ሚያዝያ ስመጣ እኔ እንድነግራት እንዳታደርጊኝ። ቀጮ አርጅታለች፣ እትዬ።

ልጃችሁ


ጥር 30

ይድረስ ለልጄ፤

አነበብኩላት።

ደብዳቤሽ ከደረሰ በኋላ አራት ቀን ወረቀቱን ከፍራሹ ወደ ቀሚሴ ኪስ፣ ከኪሴ ወደ ፍራሹ ስመላልስ ከረምኩ። በአምስተኛው ቀን እሑድ ጠዋት እናትሽ ፎጣ እያጠፈች ነበር፤ እንደምታውቂያት በግራ እጇና በአገጯ።

"ቁጭ በይ" አልኳት።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። የማነብልሽ ነገር አለ።"

ከላይ እስከ ታች፣ ቃል በቃል። ሁለት ቦታ ላይ ድምፄ ተያዘ፤ አንቺ እንዳደረግሽው ውኃ ጠጣሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስጨርስ "ከሥሩ ፊርማ አለ" አልኳት።

"የማን?"

"የእኔ።"

"ያን ጊዜ አንቺ መች ታነቢ ነበር?"

"አላነብም ነበር።"

"ታዲያ ያ ሁሉ ቅንድብ?"

"ማስመሰል ነው።"

ፎጣውን አስቀመጠች። ስለ ራሷ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ "ቀጮስ?" አለችኝ።

"ቀጮ የለችበትም።"

ጫማዋን አጠለቀችና ወጣች። ከበሩ ሆኜ አየኋት። ሁለት መንገድ ዝቅ ብላ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የምትሻገረውን መንገድ ሳትሻገር ቀጥ ብላ ሄደች። የተመለሰችው አመሻሽ ላይ ነው። የተባባሉትን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ዘጠኝ ቀን አላናገረችኝም። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ምድጃ፣ ዘጠኝ ቀን። ስትወጣ እወጣለሁ፣ ስትገባ እገባለሁ። ቤት ጥዬ ልሂድ ብዬ አስቤ ነበር፤ መሄድ ግን እንደገና ወረቀቱን ከፍራሽ ሥር መመለስ መሰለኝ። ቆየሁ። የአንቺን "በገዛ ፈቃዴ አልወጣም" የምትለዋን ለራሴ እየደጋገምኩ ቆየሁ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት "ያን ወረቀት አምጪው። ድገሚው" አለችኝ። ደገምኩት። መሃል ላይ አስቆመችኝ።

"የትኛው እጇ ነው የሚለው?"

"ግራ እጇ ይላል።"

ቀኝ እጇን አነሣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ጡጫ ተጨብጦ የቀረውን። ፊቴ ላይ ያዘችው። ለአራት ዓመት ያቺን ወረቀት በቃሌ ይዤ ያን ስሕተት አላየሁትም ነበር።

"እጄን እንኳ ሳያዩ ነው የጻፉት። አንቺም ሳታዪ ነው የፈረምሽው" አለች።

"ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ይቅርታሽን ያዢው፤ ገና አላሰብኩበትም። አሁን እስክሪብቶ አምጪ።"

"ለምን?"

"ልጄ ስለዚያች ስለ ሳቂታ ጽፋልሽ የለ? ሁሉን ሰምቻለሁ፤ ቀጮ ጋ ወስጄ የላከችልሽን ደብዳቤ በሙሉ በልጅ ልጇ አስነብቤዋለሁ። ማንበብ የምትችዪው አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ? ጻፊ። እዚያ ክፍል ከመፈክሩ አጠገብ ይለጠፍ። ለማያነቡት ደግሞ ይነበብላቸው።"

እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ። አንዲት ቃል ልጨምርላት ስል "የራስሽን ስትጽፊ ትጨምሪያለሽ" ብላ አስቆመችኝ። ሲያልቅ ግን እንዲያው አልፈረመችም። "ምስክር ይቅረብ" አለች። ሄጄ የጠራኋት እኔ ነኝ። ቀጮ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ብዙ አየችኝና "መጣሁ፤ ብቻ ዛሬ ቅንድብሽን እንዳትሰበስቢብኝ" አለችኝ።

ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተጣጥፏል። ከላይ ያለው የአውራ ጣት አሻራ የእናትሽ ነው፤ የግራ እጇ። ያች ወረቀት ተቃጠለ ያለችው እጅ። መስመሮቹን አንድ በአንድ እያቸው፣ አንዱም አልጎደለም። መስቀለኛው የቀጮ ነው። ከእነሱ ሥር ያለው ደግሞ ስሜ ነው፤ ፊደሉን ቁጠሪው፣ ትል አይደለም።

አክስትሽ


እኔ በሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። አንሶላ ለመተኮሻው ማሽን አጎርስ ነበር። እጅ ሲነካው ማሽኑን የሚያቆመው ብረት በአንሶላ ቅዳጅ ታስሮ ነበር። ያሰረው አለቃችን ነው። እንድንፈጥን ብሎ ነው። እኔ አላሰርኩም። የተጎዳው ቀኝ እጄ ነው። ግራ እጄ ደህና ነው፤ ይኸው። እናንተም ስትገቡ በየቀኑ መጀመሪያ ቀና ብላችሁ ብረቱን እዩ። ታስሮ ካገኛችሁት ፍቱት። የማታነቡትን አትፈርሙ። የማያነብ ካለ አንብቡለት፤ የማታነቡ ደግሞ አንብቡልኝ በሉ፣ አያሳፍርም።

ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ። የጻፈችው እህቴ ናት። ቀጮ እያለች ተነቦልኝ ፈረምኩ።